እናቴ «ልጄን ትመስያለሽ፣ ግን እሷ አይደለሽም» ትለኛለች። የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ

ማዕዶት21 (ክሩን የከፈተችው) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጤና ይስጥልኝ። ረጅም ነው፣ ይቅርታ። ለማን እንደምናገረው ጨንቆኝ ነው እዚህ የመጣሁት።

እናቴ ከሁለት ወር በፊት ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታች። ሐኪም ቤት ቆይታ አሁን ቤት ገብታለች። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ዜና ትከታተላለች፣ የጎረቤቱን ልጅ ስም ከነአባቱ ትጠራለች። ያያት ሁሉ «ድናለች» ነው የሚለው።

እኔን ስታይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። እንግዳ ቤት የገባ ይመስል ትጠነቀቃለች። የመጀመሪያው ቀን «ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ። «እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» ስላት ፈገግ ብላ ዝም አለች። በማግስቱ ፀጉሯን እያበጠርኩላት ሳለ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ሰዓት አየችኝ። ቅንድቤ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችውና «ጠባሳዋን እንኳን አልረሱም። ጎበዞች ናቸው» አለች።

ማበጠሪያውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላውቅም።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ቦታ ደወልኩላት። «ወይኔ ልጄ! የት ጠፋሽ?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚህ አንዲት ሴት አለች። ቁርጥ አንቺን ነው የምትመስለው። ክፉ አይደለችም፣ ታበላኛለች። ግን ቶሎ ነይ» አለችኝ።

ሐኪሙ «ካፕግራ ይባላል፣ ከጊዜ ጋር ሊሻሻል ይችላል» ብሎ መድኃኒት አዘዘ፣ ቀጠሮ ሰጠን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ግን መረዳት ነው የምፈልገው። ፊቴን ታውቀዋለች። ጠባሳዬን ታውቀዋለች። ታዲያ እኔን እንዴት አታውቀኝም?

---

የማታ_ወፍ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡31

አይዞሽ እህቴ፣ ፈጣሪ ይማርልሽ። የማውቀው ነገር የለም፣ ግን ክሩን እከታተላለሁ። የስልኩ ነገር አንጀቴን በላው።

---

ያልጨረሰ_ተመራቂ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡48

ይማርልሽ። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ነው የማጠናው፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄ ይያዝልኝ። ግን «ፊቴን እያወቀች እኔን እንዴት አታውቀኝም» ያልሽው ጥያቄ ተመራማሪዎችንም ለብዙ ዓመት ያስጨነቀ ነው። ያገኙት መልስ ደግሞ እናትሽን እንደ አዲስ እንድታያቸው ያደርግሻል ብዬ አስባለሁ።

ስሙ የጆሴፍ ካፕግራ ነው፣ ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም። በ1923 እ.ኤ.አ. ከዣን ረቡል-ላሾ ጋር ሆኖ ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ሴትየዋ ባሌም ልጆቼም ተወስደው በምትካቸው መሳዮቻቸው ገብተዋል ትል ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ የፍቅርና የጥላቻ ግጭት የሚል ነበር። የምትወደውን ሰው በውስጥህ ስትጠላው፣ ከጸጸቱ ለማምለጥ «ይሄ እሱ አይደለም» ትላለህ እንደማለት። ለወሬ ይጥማል። ግን ትናንት ደህና የነበረ ሰው ጭንቅላቱን ስለተመታ ብቻ ዛሬ እንዲህ ሲል፣ ይሄ ማብራሪያ የት ይገባል?

ነገሩ የዞረው ከሌላ በኩል ነው። በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ፊት መለየት የሚያቅታቸው ሰዎች አሉ። ዓይናቸው ደህና ነው። አፍንጫውን፣ ከንፈሩን ያያሉ። የማን እንደሆነ ግን አያውቁም፣ የገዛ ሚስታቸውን እንኳን። በ1984 ራስል ባወር የሚባል ተመራማሪ እንዲህ ያለ ታካሚ ላይ አንድ ብልሃት ያለው ሙከራ ሠራ። የሆነ ነገር ሲነካን እጃችን ላይ ላብ በጣም በትንሹ ይጨምራል። እኛ አናውቀውም፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ግን ይይዘዋል። ታካሚው ፎቶ እያየ ስሞች ይነበቡለታል። «ማን ነው?» ሲባል አላውቅም ይላል። ትክክለኛው ስም ሲጠራ ግን ቆዳው ከሌሎቹ ስሞች በላይ ምላሽ ይሰጣል። ሰውዬው አያውቅም። ቆዳው ያውቃል።

ሀይደን ኤሊስና አንዲ ያንግ በ1990 ይሄንን ይዘው ጠየቁ። አንድን ፊት ለማወቅ ሁለት መንገድ ካለ፣ አንዱ «ማን ነው» የሚለውን፣ ሌላው «የኔ ነው» የሚለውን ስሜት የሚያመጣ ከሆነ፣ ተቃራኒው ቢከሰትስ? ማንነቱ ደርሶ ስሜቱ ቢቀርስ? በ1997 ኤሊስና ባልደረቦቹ አምስት የካፕግራ ታካሚዎችን በዚያው መሣሪያ ፈተሹ። ሌላ ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ ቆዳው ከማያውቀው ፊት ይልቅ ይነቃል። እነዚህ አምስቱ ላይ ልዩነት አልታየም። የታወቀውም ያልታወቀውም ፊት አንድ ነው።

ስለዚህ እናትሽ ሲያዩሽ ዓይናቸው «ልጄ ናት» ይላቸዋል። አንጀታቸው ዝም ይላል። ዕድሜ ልካቸውን አንቺን ባዩ ቁጥር አንድ ጊዜ እንኳን ዝም ብሎ የማያውቀው አንጀታቸው።

ስልኩም በዚህ ይገባል። ድምፅ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ሂርስታይንና ራማቻንድራን በ1997 የጻፉለት ወጣት ከመኪና አደጋ በኋላ ወላጆቹን ፊት ለፊት ሲያያቸው «መሳዮች ናቸው» ይል ነበር። በስልክ ሲያወራቸው ግን ምንም ጥርጣሬ አልነበረውም። ሁሉም ታካሚ ላይ እንዲህ አይሆንም። እናትሽ ላይ ግን ያ መንገድ ክፍት ይመስላል።

---

ጥርጣሬ_ነው_ሥራዬ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ማዕዶት፣ ይማርልሽ።

@ያልጨረሰ_ተመራቂ ማብራሪያው ግሩም ነው፣ አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። ከሥራ ተዳክሜ ስገባ ሚስቴን አይቼ ምንም የማይሰማኝ ቀን አለ (እዚህ መድረክ ላይ እንደሌለች ተስፋ አደርጋለሁ)። «ይቺ ሚስቴ አይደለችም» ግን ብዬ አላውቅም። ድካም ነው ብዬ እተኛለሁ። ስሜት ስለቀረ ብቻ አንድ ጤነኛ የሚያስብ ሰው «ተተክታለች» እስከማለት ይደርሳል?

---

ያልጨረሰ_ተመራቂ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ጥሩ ቦታ ነካህ። እዚህ ላይ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይለያያሉ።

ብሬንዳን ማኸር በ1974 ያለው ይሄ ነው፦ የነዚህ ሰዎች አስተሳሰብ ምንም አልሆነም፣ እንግዳ የሆነው የደረሰባቸው ነገር ነው። ያንን ያህል እንግዳ ነገር ቢደርስብን እኛም ያንኑ እንል ነበር። ይሄን ሐሳብ እወደዋለሁ፣ ሰውን አይንቅም።

ግን በ1995 ትራነልና ሁለቱ ዳማዚዮዎች (ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ናቸው) አንድ ነገር አሳዩ። ከግንባር ጀርባ ባለው የታችኛው የአእምሮ ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የሚያውቁትን ፊት ሲያዩ ቆዳቸው አይነቃም። ልክ እንደ ካፕግራ ታካሚዎች። ነገር ግን አንዳቸውም «ተተክተዋል» አላሉም። እንዳንተው ናቸው፣ ምንም ሳይሰማቸው ሚስታቸውን ሚስቴ ይላሉ።

ስለዚህ አውስትራሊያ ያሉት ማክስ ኮልትሃርትና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ለሁለት ከፈሉት። ሐሳቡ ከየት መጣ? እሺ፣ ከቀረው ስሜት። ከመጣ በኋላስ ለምን አልተባረረም? ለሁለተኛው ሌላ ብልሽት ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ከቀኝ የፊት አእምሮ ጉዳት ጋር የሚያያዝ። ሐሳብማ ስንት ይመጣል! አንተም ጋ ሳይመጣ አይቀርም፣ ግን በሩ ላይ «ሂድ ወዲያ፣ ደክሞህ ነው» የሚል ዘበኛ አለህ።

የማዕዶት እናት «ጠባሳዋን እንኳን አልረሱም» ያሉትን ልብ በሉ። ለኛ ጠባሳው ማስረጃ ነው፣ ነገሩ ያበቃል። ለእሳቸው የመሳዮቹ ጥንቃቄ ማሳያ ሆነ። ማስረጃ ባመጣችሁ ቁጥር ታሪኩ ይውጠዋል። ለዚህ ነው ክርክር የማይሠራው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ፣ ሌሊቱን አልተኛሁም። ያው የስሜት መቅረት ሌላ አቅጣጫም ሊይዝ ይችላል ብለው የሚያስቡ አሉ። ጁል ኮታር የተባለው ሐኪም በ1880 የገለጻቸው «እኔ ሞቻለሁ፣ ውስጤ ባዶ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዲ ያንግ እንደሚለው፣ ነገሩ ሲበላሽ ጥፋቱን ውጭ የሚፈልግ ተጠራጣሪ ሰው «እነሱ ተቀይረዋል» ይላል። በጭንቀትና በሐዘን ውስጥ ያለው ደግሞ ወደ ራሱ ያዞረውና «እኔ የለሁም» ይላል። የጎደለው አንድ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው ሰውዬው ያለበት ስሜት ነው።

---

ሌሊት_ፈሪ · ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

ከርዕስ ከወጣሁ ንገሩኝ። ይሄን ሳነብ ግን የራሴ ነገር መጣብኝ።

ዱካክ ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ከዩኒቨርሲቲ ጊዜ ጀምሮ ይይዘኛል። በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ዓይኔ ይገለጣል፣ ክፍሉ እንዳለ ይታየኛል፣ ወንበሩ ላይ የሰቀልኩት ሸሚዝ ሁሉ። ጣቴን እንኳን ማንቀሳቀስ አልችልም። ከዚያ በሩ አካባቢ አንድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አየሁት አላልኩም። አውቃለሁ ነው ያልኩት። ቀስ ብሎ ይመጣና ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

ያጠናሁት ሒሳብ ነው። ማንም የነገረኝን በቀላሉ የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ለአራት ዓመት ያህል «እዚህ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ብዬ አምኜ ኖሬያለሁ። አልጋዬን ሦስት ጊዜ አዙሬያለሁ። አሁን ምን እንደሆነ አንብቤ አውቃለሁ። ሲይዘኝ ግን ያነበብኩት ሁሉ ድራሹ ይጠፋል።

---

ያልጨረሰ_ተመራቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡22

ከርዕስ አልወጣህም፣ መሀሉ ላይ ነህ።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አእምሮ ጡንቻዎቻችንን ያጠፋቸዋል፣ የምናልመውን ተነሥተን እንዳንሠራው። ዱካክ ማለት አንተ ነቅተህ እነሱ ሳይበሩ ሲቀሩ ነው። ሕልሙም ገና አላለቀም። መተንፈስ ስትፈልግ ደረትህ እንደፈለግከው አይታዘዝም፣ ስለዚህ የተጫነህ ይመስልሃል። የአደጋ ጊዜ ፍርሃት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በርቷል። ፍርሃት ካለ የሚፈራ ነገር አለ ማለት ነው፣ አእምሮ ይፈልገዋል፣ በሩ ጋ ያገኘዋል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ሰዎች በሕይወት ዘመኑ ቢያንስ አንዴ ዱካክ የያዘው ሰው 8 በመቶ ገደማ እንደሆነ ጽፈዋል። ብቻህን አይደለህም።

የሃርቫርዱ ሪቻርድ ማክናሊና ባልደረቦቹ በ2004 ያወጡትን ጥናት ብታነበው ትወደዋለህ። ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጡራን ተጠልፈናል የሚሉ አሥር ሰዎችን አመጡ። እነዚህ ሰዎች ላይ ዱካክ የተለመደ ነው። የገዛ ታሪካቸውን ቀድተው መልሰው አሰሟቸው፣ የልብ ምታቸውንና ላባቸውን እየለኩ። አካላቸው በጦርነት ወይም በጥቃት የተጎዱ ሰዎች ያንን ሲያስታውሱ ከሚሰጡት ምላሽ የማይተናነስ ምላሽ ሰጠ።

ሰዎቹ አልዋሹም። ልባቸውም አልዋሸም። ልብ ግን የሚለካው የፈራነውን ያህል ነው፣ ነገሩ መሆን አለመሆኑን አይለካም። ችግሩ እኛ ሁለቱን ከውስጥ ሆነን መለየት አለመቻላችን ነው። የማዕዶት እናት ስሜት ስለሌለ «አይደለችም» አሉ። አንተ ስሜት ስላለ «አለ» አልክ። አካሄዱ አንድ ነው።

---

ጥርጣሬ_ነው_ሥራዬ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ለሌሊት_ፈሪ ቀላል መልስ አለ፣ የቤትህን ማራገቢያ አጥፋ። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ላቦራቶሪ ውስጥ ማታ ብቻውን ሲሠራ ላብ አጠመቀው፣ ፍርሃት ያዘው፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። በማግስቱ ማሰሪያ ላይ ያሰረው የስፖርት ሰይፍ ስለት ማንም ሳይነካው ሲንቀጠቀጥ አገኘው። ሲያጣራ አዲስ የተገጠመ የአየር ማውጫ ማራገቢያ ጆሮ የማይሰማው 19 ኸርዝ ድምፅ እየፈጠረ ነው። ማራገቢያው ሲስተካከል ሁሉም ጠፋ። በ1998 ጽፎታል። መናፍስት ማለት የማይሰማ ድምፅ ነው፣ አለቀ።

---

ያልጨረሰ_ተመራቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡33

አላለቀም። ይቺ ታሪክ ተጠራጣሪዎች ዘንድ በጣም የተወደደች ናት፣ እኔም ለዓመታት ሳወራት ነበር።

ለንደን ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የክሪስ ፍሬንች ቡድን ግን ፈተሻት። ሆን ብለው «መንፈስ ያለበት ክፍል» ሠሩ፣ ባዶ ነጭ ክፍል። ያንን የማይሰማ ድምፅና የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ አንዳንዴ ይለቁበታል፣ አንዳንዴ ያጠፉታል። 79 ሰው አንድ በአንድ ለ50 ደቂቃ ገባ። እንግዳ ነገር ሊሰማችሁ ይችላል ተብሎ ተነግሯቸዋል። ብዙዎቹ ተሰማቸው፣ ከማዞር አንሥቶ የሆነ ሰው አብሮኝ አለ እስከማለት። በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ግን ድምፁ ቢለቀቅም ባይለቀቅም ለውጥ አልነበረውም። የሠራው ነገር መነገራቸው ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው።

እና ወንድሜ፣ አንተስ የማራገቢያውን ታሪክ ለምን በዚያ ፍጥነት አመንከው? ደስ ስላለህ ነው። «ገባኝ» የሚለውም ስሜት ስሜት ነው።

---

ጥርጣሬ_ነው_ሥራዬ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡36

ተበላሁ። ቀጥል።

---

ጋሽ_ዝምታ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡58

ልጆቼ፣ ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ልጻፍ።

ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከሥራ የምትመለሰው 11 ተኩል ላይ ነበር። ቁልፎቿ ብዙ ናቸው፣ ትክክለኛውን እስክታገኝ በሩ ላይ ሁሌ ታንሿሽዋቸዋለች። አሁንም በሳምንት አንድ ሁለቴ በዚያ ሰዓት እሰማዋለሁ። ቁልፉን። ተነሥቼ በሩን የከፈትኩበት ቀን አለ። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፣ አባታችን አእምሮው ተነካ ይላሉ ብዬ።

አእምሮዬ ተነክቶ ነው? ወይስ እምነቴ እንደሚለኝ ነው? እናንተ እንደምትጽፉት ከሆነ ሁሉም ነገር ብልሽት ነው የሚመስለው።

---

ያልጨረሰ_ተመራቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡07

ጋሼ፣ ያጽናዎት። አልተነኩም።

ዴዊ ሪስ የሚባል ዌልስ ውስጥ የሚሠራ ሐኪም የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች ቤት ለቤት እየሄደ አነጋገረ። በ1971 አሳተመው። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ሟቹን አይተውታል፣ ሰምተውታል ወይም አብሯቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ብዙዎቹ ደግሞ አጽናንቶናል ነው ያሉት።

ድምፁ ከየት ይመጣል ላሉት፣ ከመጠበቅ ነው። በ2017 አልበርት ፓወርስና ፊሊፕ ኮርሌት ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀላል ነገር ሠሩ። ሰው ስክሪን ላይ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ምስል ያያል፣ አብሮት አጭር ድምፅ ይሰማል። ምስል፣ ድምፅ። ምስል፣ ድምፅ። ይደጋገማል። ከዚያ ድምፁን ያጠፉታል። ሰዎቹ ምስሉን ሲያዩ ድምፁን ሰማን ይላሉ፣ ጤነኞቹም ጭምር። ቀድሞውኑ ድምፆች የሚሰሟቸው ሰዎች ላይ ይሄ በጣም ይበረታል፣ ሕመም ያለባቸው ይሁኑ የሌለባቸው። በእርስዎ ጆሮ 11 ተኩልና ቁልፉ ስንት ዓመት አብረው ኖሩ? ጆሮ የውጩን ብቻ አይሰማም፣ የሚጠብቀውንም ይሞላል። ሁላችንም ጋ እንዲሁ ነው የሚሠራው፣ ብልሽት አይደለም።

እምነትዎን በተመለከተ፣ እኔ የምማረው ሙያ ድምፁ በምን መንገድ እንደሚሰማ ይነግረኛል። ከዚያ ወዲያ ላለው ጥያቄ መሣሪያ የለንም። አለን የሚሉ አሉ፣ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም።

---

ጎረምሳው · ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ጋሼ ያጽናዎት።

ይሄ ተመራቂ ሌላ ክር ላይ የጠቀሰውን የመስታወት ሙከራ ሞከርኩት። ጆቫኒ ካፑቶ የሚባል ጣልያናዊ በ2010 ነው ያወጣው። 50 ሰዎች ድንግዝግዝ ባለ ብርሃን መስታወት ፊት ለ10 ደቂቃ ፊታቸውን ትክ ብለው አዩ። 66 በመቶው ፊቴ ተበላሸ አለ፣ 48 በመቶው ጭራቅ ወይም ተረት የመሰለ ነገር አየሁ አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ትንሽዬ መብራት ከኋላዬ አደረግኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጉንጬ ጠፋ፣ ቆይቶ አንድ ዓይኔ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ያየኝ ጀመር። የሚያስጠላው ፊቱ አይደለም፣ እኔን የማያውቀኝ መምሰሉ ነው። እኔ እያወቅኩ፣ ለሙከራ ብዬ፣ መብራቱን በርግጬ አበራሁት።

አሁን 6፡40 ነው፣ እንቅልፍ የለም። ማዕዶት፣ እናትሽ ያንን ቀኑን ሙሉ ነው የሚያዩት ማለት ነው? በሰው ፊት ላይ?

---

የቤት_ነርስ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡12

ማዕዶትዬ፣ 14 ዓመት ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ጋ። እንዳንቺ እናት ያሉ ሁለት አጋጥመውኛል። ያየሁትን ልንገርሽ፣ ሐኪምሽን አይተካም።

«እኔ ልጅሽ ነኝ» እያልሽ አትከራከሪያት። መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ጠባሳ አታሳዪያት። ተመራቂው እንዳለው ይውጠዋል። እሺ፣ መሳይ ነኝ ብለሽም አትዋሻት። መሀሉ አለ፦ «ልጅሽ ናፍቃሻለች አይደል?» ማለት ይቻላል። እሱ ውሸት የለበትም።

ሁለተኛ፣ ፊትሽ ከመታየቱ በፊት ድምፅሽ ይግባ። አንዱ ታካሚዬ ሚስቱ ከኮሪደር እያወራች ስትገባ ይቀበላት ነበር። ዝም ብላ ስትገባ ግን ይቆጣል። ሁሌም አልሠራም፣ ግን ብዙ ቀን ሠርቷል።

ሦስተኛ፣ ይሄን በቁም ነገር ያዥልኝ። አንዳንዴ «መሳይዋን» ለማባረር የሚነሡ አሉ። ቁጣ፣ በር መቆለፍ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ «ልጄን የት አደረስሽ» ብሎ ማፋጠጥ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ለሐኪሙ ንገሪው። መድኃኒቱንም በራስሽ አታቋርጪ።

አንቺስ ትተኛለሽ?

---

ማዕዶት21 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። ጋሽ ዝምታ፣ የእርስዎን አንብቤ አለቀስኩ፣ ግን ጥሩ ለቅሶ ነው።

የቤት_ነርስ፣ አልተኛም፣ እውነቱን ለመናገር። እስከ ትናንት የሚያንገበግበኝ «ረሳችኝ» የሚለው ነበር። ለካ ሳትረሳኝ ነው። ብትረሳኝማ መሳዩዋን መሳይ ብላ እንዴት ታውቃለች? ልጇ ስትመጣ ምን እንደሚሰማት ታውቃለች፣ ያ ስላልመጣ ነው የምትጠብቀኝ። ይሄን ማንም በግልጽ አልጻፈውም፣ ግን ከጻፋችሁት ነው ያገኘሁት።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ በሩን ከመክፈቴ በፊት ኮሪደር ላይ ቆሜ ማውራት ጀመርኩ። «እማዬ፣ መጣሁ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ፀሐይ ነው!» ምናምን፣ ዝም ብዬ እለፈልፋለሁ። «ነይ ልጄ፣ ነይ» አለችኝ። ድምፄን ሳላቋርጥ ገባሁ፣ ከኋላዋ በኩል አለፍኩና ትከሻዋን ያዝኩ። እጄን ያዘችው። አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ሆነን አወራን፣ እሷ ወደ መስኮቱ እያየች፣ እኔ ከኋላ። ስለ ስልክ ካርድ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለማይረባ ነገር።

ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቀችውም።

---

የቤት_ነርስ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡51

ነገም ከኮሪደሩ ጀምሪ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ በወረቀት መዝግቢ፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ከዚያ ተኚ።

---

ጎረምሳው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡58

እኔ መስታወቱን በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። ማንም አይሳቅ።